ከቡታጅራ እስከ ሱንድቢበሪ፦ ርኅራኄ እንደ ሙያ

ሱንድቢበሪ በቆዳ ስፋት ከስዊድን ኮሙዩኖች ሁሉ ትንሿ ናት፤ ከስቶክሆልም መሐል በባቡር የደቂቃዎች መንገድ ነው። በዚያ የሥነ ልቦና ሕክምና እየተማረ የሚለማመድ ባለሙያ አንድ ቀን አማርኛ ተናጋሪ ታካሚ ልትገጥመው ትችላለች። «ሆዴን ባር ባር ይለኛል» ብትለው አስተርጓሚው ምን ይበል? «ጭንቀት» ቢል በቃሉ ውስጥ ያለውን ብቸኝነት ይጥላል፤ «የሆድ ሕመም» ቢል ሁሉንም ይስታል። ተለማማጁ በአንድ ስልት መመሪያ ብቻ ይመራ ወይስ የተለያዩ ስልቶችን በርኅራኄ ያዋሕድ? ጥያቄው የሙያ ብቻ ሳይሆን የፖሊሲም ነው፤ ታሪክም አለው።

እ.ኤ.አ. በ1936 አሜሪካዊው ሶል ሮዘንዝዋይግ፣ እርስ በርስ የሚሟገቱት የሥነ ልቦና ሕክምና ስልቶች የሚሳካላቸው በሚለያዩበት ሳይሆን በሚጋሩት ነገር ሊሆን እንደሚችል ጻፈ። በ1957 ካርል ሮጀርስ የታካሚን ስሜት መረዳትንና ያለ ቅድመ ሁኔታ መቀበልን የለውጥ መሠረት አደረገ። በ1961 ጀሮም ፍራንክ የሥነ ልቦና ሐኪሙንና የሃይማኖት ፈዋሹን ጎን ለጎን መረመረ። በሁለቱም ዘንድ ያገኘው የሚታመን ግንኙነትን፣ ለፈውስ የተለየ ስፍራን፣ ለመከራው ትርጉም የሚሰጥ ማብራሪያንና የጋራ ሥርዓትን ነው። ጠበል ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ይህ ዝርዝር እንግዳ አይደለም።

ስዊድን ለሳይኮቴራፒስቶች የሙያ ፈቃድ መስጠት የጀመረችው በ1985 ነው። በ2008 ደግሞ «የተሃድሶ ዋስትና» የተባለ መርሐ ግብር ተጀመረ፤ አንዱ ዓላማው በድብርት፣ በጭንቀትና በውጥረት ምክንያት ከሥራ የቀሩትን መመለስ ነበር። ለእነዚህ ታካሚዎች በዋናነት የቀረበው አስተሳሰብንና ልማድን በማረም ላይ ያተኮረው ኮግኒቲቭ ቢሄቪየራል ቴራፒ ነው። በ2015 የአገሪቱ ብሔራዊ ኦዲት መሥሪያ ቤት መርሐ ግብሩ የሕመም ፈቃድን በመቀነስ ረገድ ዓላማውን እንዳልመታ ደመደመ፤ መርሐ ግብሩም ተቋረጠ። ይህ ስልቱን ዋጋ አያሳጣውም፤ ለድብርትና ለጭንቀት ጠንካራ ማስረጃ አለው። ነገር ግን አንድን ስልት በጅምላ መግዛት የታካሚውን ኑሮ ማወቅን አይተካም።

ስዊድን ስለ እኛ ኑሮ የሚነግር ሌላ የዕውቀት ምንጭ በእጇ ነበራት። በ1980ዎቹ አጋማሽ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ በቡታጅራ የገጠር ጤና ጥናት በጋራ ጀመሩ። ዶክተር አታላይ ዓለም በገጠር ኢትዮጵያ የአእምሮ ጤና ላይ የሠሩትን የዶክትሬት ጥናት በ1997 ያቀረቡት በኡሜዮ ነው። እርሳቸውና ባልደረቦቻቸው በ1999 ባሳተሙት ሌላ ጥናት፣ የተጠየቁት የቡታጅራ ነዋሪዎች ለአካል ሕመም ዘመናዊውን ሕክምና፣ ለአእምሮ ሕመም ግን ይበልጡን ባህላዊውን መርጠዋል። የአእምሮ ሕመም ምልክት ብለው አዘውትረው የጠቀሱትም ብዙ ማውራትን፣ ጠበኝነትንና እንግዳ ባሕርይን ነው። ዝም ብሎ የሚከፋው ሰው በዚህ ሚዛን ሕመምተኛ አይባልም። ይህ አስተሳሰብ ከስደተኛው ጋር ባሕር ከተሻገረ፣ ታካሚው ሐኪም ዘንድ የሚደርሰው ዘግይቶ፣ ምናልባትም ራስ ምታትን ሰበብ አድርጎ ይሆናል።

ውሕደት ሲባል የተገኘውን ሁሉ መቀላቀል እንዳይመስል ያስፈልጋል። ተለማማጁ ዛሬ የመረጋጋት ልምምድ፣ ነገ የሐዘን ታሪክ የመረጠበትን ምክንያት ለሚቆጣጠረው ባለሙያ ማስረዳት፣ የታካሚውንም ለውጥ በየጊዜው መለካት አለበት። ርኅራኄም ልብን ማራራት ብቻ አይደለም። «ሰው ምን ይለኛል» የሚል እፍረት ታካሚዋን ዝም ሲያሰኛት ዝምታውን እንደ እንቢተኝነት አለመቁጠር፣ ጠበል እንደምትሄድ ስትናገርም ሳይንቁ ስለ መድኃኒቷ መጠየቅ የሚማሩት ሙያ ነው።

ስለዚህ በስዊድን ያለን ባለሙያዎች የምንጠይቀው በአማርኛ የተተረጎመ በራሪ ወረቀት ብቻ ሊሆን አይገባም። አማርኛ የሚያውቁ ተቆጣጣሪ ባለሙያዎች እንዲሠለጥኑ፣ በአንድ ሕክምና ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያው አስተርጓሚ እንዲቀመጥ፣ የቡታጅራ ጥናቶችም የተለማማጆች ማስተማሪያ እንዲሆኑ እንጠይቅ። ዕውቀቱ የተሰበሰበው ከወገኖቻችን ነው፤ ተመልሶ ሊያገለግላቸው ይገባል።