ራውተር

ብዙዎቻችን «ራውተር» የምንለው ቤት ውስጥ አንቴና አቁሞ ዋይፋይ የሚያድለውን ሳጥን ነው። በኔትወርክ ሙያ ግን ቃሉ ጠበብ ይላል፦ የመድረሻውን አድራሻ አይቶ እያንዳንዱን ፓኬት (የተቆራረጠ የመረጃ ጥቅል) ወደ ቀጣዩ ጣቢያ የሚያሳልፍ መሣሪያ። ሲጨናነቅ ፓኬት ይጥላል፤ የጣለውን ግን መልሶ አይልክም፤ ቅደም ተከተል ቢዛባም ግድ የለውም። የደረሰውን የሚያረጋግጡት፣ የጠፋውን እንደገና የሚልኩት ቲሲፒ በተባለው ፕሮቶኮል አማካይነት ጫፍና ጫፍ ያሉት ኮምፒውተሮችና ስልኮች ናቸው። የኮምፒውተር ሳይንቲስቶቹ ሳልትዘር፣ ሪድና ክላርክ በ1984 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጽሑፍ የተሟገቱት ለዚህ ዓይነቱ ክፍፍል ነው። የኢንተርኔት ፕሮቶኮሉ አይፒ ስሪት 6 ደግሞ ጭራሽ ፓኬት የመቆራረጡን ሥራ ከራውተሩ ወስዶ ለላኪው ሰጠ፤ ደግ አደረገ። የቤታችን ሳጥን ግን አድራሻ ይለውጣል፣ በር ይዘጋል፣ በጫፎቹ ጉዳይ ጣልቃ ይገባል። እሱን «ራውተር» ብቻ ማለት ያንሰዋል።