የበሰበሰ እንጨት ማጠንከር

የበሰበሰ እንጨት ማጠንከር በእርጥበትና በፈንገስ የለሰለሰን፣ ነገር ግን ጨርሶ ያልፈረሰን እንጨት ፈሳሽ ሬዚን ወይም ማጣበቂያ አስርጎ ዳግም ለሥራ የማብቃት ዘዴ ነው። በአናጢነት፣ በቅርጻ ቅርጽና በቅርስ ጥገና ይሠራበታል።

እንጨት የሚያበሰብሱ ፈንገሶች እርጥበቱ ከደረቅ ክብደቱ 20 በመቶ በታች በሆነ እንጨት ላይ አያድጉም። በላስታ የሚገኘው ይምርሃነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በዋሻ ውስጥ ከዝናብ ተጠልሎ በመሠራቱ የ12ኛው ክፍለ ዘመን እንጨቱ እስካሁን ቆሟል። በሐይቅ ከተማ ዙሪያና በአምባሰል ባሉ የጭቃ ቤቶች ግን የምሰሶው እግር ቀድሞ ይበሰብሳል፤ አየርና እርጥበት አብረው የሚገኙት አፈሩ አፍ ላይ ነውና። ጥድና ወይራ ብዙ ሲቆዩ ባህር ዛፍ ቶሎ ይጎዳል።

ብስባሴው ሁለት ዋና መልክ አለው። ቡናማው ሴሉሎስን ስለሚበላ እንጨቱ እንደ ደረቀ ጭቃ በአራት ማዕዘን ይሰነጣጠቃል። ነጩ ሊግኒንንም ስለሚያፈርስ እንጨቱ ይነጣል፣ እንደ ጭረትም ይሆናል፤ አንዳንዴ የሚተወው ጥቁር መስመር ለጌጥ ሥራ ይፈለጋል።

አሠራር

በመጀመሪያ በወስፌ ይወጋል፤ ያለ ጉልበት ጠልቆ የሚገባበት ቦታ የተጎዳ ነው። በጣት የሚፈረፈረው በመሮ ይነሣል። ከዚያ እንጨቱ በጥላ፣ በተለይ በበጋ፣ በደንብ ይደርቃል። ችኮላ ሥራውን የሚያበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ ውሃ በያዘ ቀዳዳ ውስጥ ሬዚን ስለማይገባ ላዩ ብቻ ጠንክሮ ውስጡ ይበሰብሳል። ቀጭን ኢፖክሲ በብሩሽ ደጋግሞ ይቀባል፤ እንጨቱ መምጠጥ ሲያቆም ይበቃል። ትንንሽ ቁርጥራጮች ሬዚን ውስጥ ተነክረው አየራቸው በቫኪዩም ፓምፕ ይወጣል፤ ፓምፑ ሲዘጋ ሬዚኑ አየሩ በለቀቀው ቦታ ይገባል። የቀረ ጎድጓዳ በኢፖክሲና በሰጋቱራ ይሞላል። የተለመደው ነጭ ኮላ ወፍራም በመሆኑ ወደ ውስጥ አይዘልቅም። ምሰሶን የተቃጠለ ዘይት መቀባት መከላከያ እንጂ ፈውስ አይደለም፤ እንዲያውም ዘይት የጠጣ እንጨት ሬዚን አይዝም።

የጠነከረ እንጨት ለእጀታ፣ ለሳጥንና ለጌጥ ይበቃል፤ ጣሪያ ለሚሸከም ምሰሶ ግን መለወጥ እንጂ ማጠንከር አይመከርም። ሙቀጫና የመመገቢያ ዕቃም አይሠራበትም። ሲላግ አቧራው ጎጂ ስለሆነ አፍና አፍንጫ ይሸፈናል።

በቅርስ ጥገና

በ13ኛው ክፍለ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞዓ የመሠረቱት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በብራና መጻሕፍቱ ይታወቃል። የብራና መጻሕፍት ገበታ እንጨት ነው፤ ሲሰነጠቅ የቀድሞ ደጓሾች በሬዚን ፋንታ ቀዳዳ በስተው በክር ወይም በጠፍር ይሰፉት ነበር። የዛሬ ጠጋኞች በአሴቶን የሟሟ ፓራሎይድ ቢ-72 ይመርጣሉ፤ ምክንያቱም ቢያስፈልግ ተመልሶ ሊሟሟ ይችላል፣ ኢፖክሲ ግን አይመለስም። ውሃ ውስጥ ለቆየ እንጨት መንገዱ ሌላ ነው፦ በ1628 እ.ኤ.አ. ሰጥማ በ1961 የወጣችው የስዊድን መርከብ ቫሳ ለ17 ዓመታት ፖሊኢቲሊን ግላይኮል ተረጭቶባታል።