«እንግዶቻችን ናቸው»
«መዋኛው ለእንግዶች ብቻ» የሚል ማስታወቂያ ሆቴል ውስጥ ስናይ ተራ ደንብ ይመስለናል። «እንግዳ ማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ግን ሰው አሳስሯል።

እ.ኤ.አ. ጁን 18 ቀን 1964፣ ሴንት ኦገስቲን፣ ፍሎሪዳ። ሞንሰን ሞተር ሎጅ ጥቁር አያስተናግድም። ነጭ የመብት ታጋዮች ክፍል ተከራዩ፤ ጥቁር ጓዶቻቸውን ይዘው ገንዳው ውስጥ ገቡ። «እንግዶቻችን ናቸው» አሉ። ሥራ አስኪያጁ ጄምስ ብሮክ ውሃው ላይ የጽዳት አሲድ ደፋ። የታሰሩት ግን ዋናተኞቹ ናቸው። ሴኔቱ ለወራት ሲከራከርበት የቆየውን የሲቪል መብቶች ሕግ በማግስቱ አጸደቀ፤ ጁላይ 2 ተፈረመ።

ሕጉ እውነተኛ የግል ክለቦችን አይነካም። ስለዚህ አድልዎው በዚያ በኩል መሸሸጊያ ፈለገ። ዛሬ ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ ዊተን ሄቨን የተባለ የሰፈር መዋኛ ማኅበር ነበር። በ1968 አባላት ጥቁር እንግዳ ይዘው መጡ፤ ገባች። ቦርዱ ወዲያው «ከእንግዲህ እንግዳ የሚሆነው የአባል ዘመድ ብቻ ነው» ብሎ ደነገገ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1973 ማኅበሩ እውነተኛ የግል ክለብ አይደለም ሲል በሙሉ ድምፅ ወሰነበት።

አዲሱ ደንብ «ጥቁር» የሚል ቃል አልነበረበትም። ደንብ በድንገት ሲለወጥ እንግዲህ ቃሉን ብቻ አናንብብ፤ ትናንት ማን ገብቶ እንደነበር እንጠይቅ።