ማሞቂያ በሌለው ትንሽ አኳሪየም አብረው የሚኖሩ ዓሦች

ማሞቂያ የሌለው አኳሪየም ሙቀቱን የሚያገኘው ከክፍሉ አየር ነው። ስለዚህ አብረው የሚገቡት ዓሦች ተመሳሳይ ሙቀት የሚስማማቸው፣ በመጠን የሚቀራረቡና በጠባይ የሚቻቻሉ መሆን አለባቸው።

ጨው አልባ ውኃ ለያዘ ትንሽ አኳሪየም ከሚመረጡት አንዱ 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚያድገው ታኒክቲስ አልቦኑቤስ ነው። ይህ ዓሣ እ.ኤ.አ. በ1932 ለሳይንስ የተዋወቀው በደቡብ ቻይና፣ በጓንግዡ አቅራቢያ ካለው የነጭ ደመና ተራራ ተገኝቶ ነው። ከ18 እስከ 22 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይስማማዋል። ቢያንስ ስድስት ሆኖ ሲኖር ደፍሮ ይዋኛል፤ ወንዶቹ ክንፋቸውን ዘርግተው ይፎካከራሉ እንጂ እምብዛም አይጎዳዱም። ብቻውን የቀረ ግን ቀለሙ ይደበዝዛል፤ በዕፅዋት መካከል ይሸሸጋል።

ገንዳው ረዘም ካለ የደቡብ እስያው ዜብራ ዳኒዮ ጥሩ ጎረቤት ይሆነዋል። እሱም በመንጋ የሚኖር ፈጣን ዋናተኛ ነው።

ጎልድፊሽ ቀዝቃዛ ውኃ ቢችልም ለዚህ ስብስብ አይሆንም። ከ20 ሴንቲ ሜትር በላይ ሊያድግ፣ ትንንሾቹንም ሊውጥ ይችላል፤ ብዙ ቆሻሻ ስለሚያወጣም ትንሽ ውኃ ቶሎ በአሞኒያ ይመረዛል። ቤታ ደግሞ ሞቃት ውኃ ይፈልጋል።

አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ ከዚያም ወደ ናይትሬት የሚለውጡት ባክቴሪያዎች በማጣሪያው ውስጥ እስኪራቡ ሳምንታት ይወስዳል። ዓሦቹ የሚገቡት ከዚያ በኋላ፣ ጥቂት በጥቂት ነው።