ጣና፤ ውሃው የጠበቀው ታሪክ

ስለ ጣና ሐይቅ የሚጻፈው ብዙውን ጊዜ ስለ ደሴት ገዳማቱ ነው፤ ይህም የተገባ ነው። ነገር ግን ገዳማቱን ጠብቆ ያቆየው ውሃው መሆኑ ሲዘነጋ የታሪኩ እኩሌታ ይጐድላል። በዚህ አጭር ጽሑፍ ለማስረዳት የተፈለገው ይኸው ነው። (ዘመናቱ ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።)

ጣና ከኢትዮጵያ ሐይቆች ሁሉ ሰፊው ነው። የቈዳው ስፋት ከ3,000 ካሬ ኪሎሜትር ይበልጣል፤ ጥልቀቱ ግን ቢበዛ 15 ሜትር ያህል ነው። ስፋቱ ደሴቶቹን ከየብሱ ሁከት ለይቶ አኖራቸው። የዐፄ ዳዊት፣ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብና የዐፄ ፋሲለደስ ዐፅም በዳጋ እስጢፋኖስ ይገኛል። በክብራን ገብርኤል የተጠበቁትንም የብራና መጻሕፍት ኤርንስት ሐመርሽሚት የተባሉ ሊቅ በ1968 ፎቶግራፍ አንሥተው በኋላ በዝርዝር መዝግበዋቸዋል።

ደሴቶቹን ከየብስ ሲያገናኝ የኖረው የደንገል ታንኳ ነው። ደንገሉን አጭደው፣ አድርቀውና አስረው ታንኳ በመሥራት በተለይ የታወቁት ወይጦዎች ናቸው። እነርሱም ቀድሞ ጉማሬ አዳኞች ነበሩ፤ የጥንት ቋንቋቸው ጠፍቶ ዛሬ የሚናገሩት አማርኛ ነው። ስለዚህ ከጥንቱ ኑሯቸው የቀረልን ምስክር በአብዛኛው የእጅ ሥራቸው ነው።

የውጭ መንግሥታት ግን ጣናን ያዩት እንደ ውሃ ማከማቻ ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1902 ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት ውል ውስጥ፣ የጣናንና የዓባይን ውሃ የሚያግድ ሥራ ያለ ስምምነት እንዳይሠራ የሚል አንቀጽ ገባ። በ1996 ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ሥፍራ የጨራጨራ መቈጣጠሪያ ተሠራ። በ2003 ውሃው እጅግ ጐደለና የመርከብ ጉዞ ተሰናከለ፤ ሐይቁ ጥልቅ ስላልሆነ ጥቂት ጉድለት እንኳ ሰፊ ዳርቻ ያራቍታልና። በ2011 ደግሞ እምቦጭ የተባለው አረም ታየ። ዩኔስኮ በ2015 አካባቢውን በዓለም የባዮስፌር ሥፍራዎች መዝገብ ቢያስገባውም፣ መመዝገቡ ብቻውን አረሙን አልነቀለም።

ከወሎ ሰፈር ወደ ቦሌ የአይሮፕላን ጣቢያ የወረደ ሰው፣ መንገዱ ሰላም ሲሆን፣ በአንድ ሰዓት ያህል በረራ ባሕር ዳር ይደርሳል፤ በሞተር ጀልባም ወደ ደሴቶቹ ይሻገራል። ሥዕሉን፣ ዘውዱንና ብራናውን አይቶ ይመለሳል፤ ታንኳ ሠሪውን ግን ፎቶግራፍ አንሥቶት ያልፋል። ደንገሉ እየሳሳ በሄደ ቍጥር ይህ ሙያ የሚማረው እያጣ ነው። ብራናው መዝጋቢ አግኝቷል፤ የታንኳው ዕውቀት ግን በአረጋውያኑ እጅ ነውና፣ ተማሪዎቻችን ደብተራቸውን ይዘው ከገዳሙ በር አስቀድመው ወደ ዳርቻው ቢወርዱ መልካም ነው።