ግሼን አምባ በሚልተን «የጠፋችው ገነት»

በእንግሊዝ መንፈሳዊ ሥነ ጽሑፍ ተራራ ሲነሣ አስቀድመው የሚታወሱን ሲናና ጽዮን ናቸው። ጆን ሚልተን እ.ኤ.አ. በ1667 ባሳተመው «የጠፋችው ገነት» አራተኛ መጽሐፍ ግን የአገራችንን ተራራ እናገኛለን። «አማራ» ይለዋል። የሐበሻ ነገሥታት ልጆቻቸውን የሚያስጠብቁበት፣ አንዳንዶችም እውነተኛዋ ገነት የሚሉት ሥፍራ መሆኑን ጠቅሶ፣ ኤደንን እንደማይተካከል ይናገራል።

ይህ፣ በእኛ አስተያየት፣ ከግሼን አምባ በቀር ሌላ ሊሆን አይችልም። እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 በኢትዮጵያ የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ያወሳው ጥብቅ ዘበኛ የቆመበትን የመሳፍንት ግዞት እንጂ ገነትን አልነበረም። ግዞቱን በቤተ መንግሥትና በአትክልት ያስጌጠው እ.ኤ.አ. በ1610 በቫሌንሲያ የጻፈው ሉዊስ ዴ ኡሬታ ነው፤ አገራችንን ግን በዓይኑ አላየም። ሳሙኤል ፐርቻስ ወሬውን ወደ እንግሊዝኛ አሻገረው።

ሚልተን የገነትነቱን ወሬ መናቁ ያስመሰግነዋል። የታሳሪዎቹን መከራ ግን «ማስጠበቅ» በምትል አንዲት ቃል አልፎታል። ደግሞም እርሱ በጻፈበት ዘመን በግሼን የሚጠበቅ ልዑል አልነበረም፤ አምባው ከመቶ ዓመት በፊት በኢማም አሕመድ ጦር ተይዞ ነበር፤ ዐፄ ፋሲልም ግዞቱን ሲያድሱ የመረጡት ወህኒ አምባን ነው።