ሐበሾች የገዟት የባሕር ግንብ

ከሙምባይ ወደ ደቡብ ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ሲጓዙ ራጃፑሪ የምትባል የዓሣ አጥማጆች መንደር ትገኛለች። ከዚያ በሸራ ጀልባ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ተጉዞ የጃንጂራ ግንብ ይደረሳል። በዝናቡ ወራት ባሕሩ ስለሚናወጥ ጀልባ አይሄድም፤ መሄድ የምታስቡ እኅቶች ከጥቅምት በኋላ አድርጉት።

እኛን ወደዚያ የሳቡን የግንቡ ባለቤቶች ናቸው። ደሴቲቱን ከ300 ዓመት በላይ የገዙት ሲዲ ወይም ሐበሺ የሚባሉ፣ ዘራቸው ከምሥራቅ አፍሪካ የሚመዘዝ ሰዎች ነበሩ። ብዙዎቹ አባቶቻቸው ተሸጠው ባሕር የተሻገሩ ናቸው። በልጅነቱ ከኢትዮጵያ ተሸጦ በደካን ምድር ዋና ሚኒስትር እስከ መሆን የደረሰው፣ በ1626 እ.ኤ.አ. የሞተው ማሊክ አምበርም የዚሁ ወገን ነው።

የግንቡ በር እጅግ ካልተጠጉት አይታይም፤ ጠላት መግቢያው እንዲጠፋው ታስቦ የተሠራ ነው። 19 ማማዎች ከነመድፎቻቸው አሉት። ውኃ መቅዳት ምን እንደሆነ ለምናውቅ ሴቶች ግን ከመድፎቹ ይበልጥ የሚያስደንቁት በጨው ባሕር መካከል ጣፋጭ ውኃ የያዙት ሁለቱ ኩሬዎች ናቸው። የተከበበ ሰው በመድፍ ብቻ አይኖርም! የማራታው ንጉሥ ሺቫጂ ሞክሮ አልሆነለትም። ልጁ ሳምባጂ በ1682 ባሕሩን በድንጋይ ሞልቶ መንገድ ሊያበጅ ተነሣ፤ እሱም አልተሳካለትም። ጃንጂራ በጦር ሳትያዝ ቆይታ በ1948 ከሕንድ ጋር ተቀላቀለች።

ታሪኩ የአዛዦችን ስም ይዟል። አብረው የተሸጡት ሴቶች ስም ግን የለም፤ ይህን ስናስብ ኩራታችን ይቀዘቅዛል። ዛሬም ከመካከላችን በዚያው ባሕር ማዶ ለቤት ሠራተኝነት ሄደው የተመለሱ አሉ። ከኋለኞቹ ሴቶች ግን የተጻፈላቸው አይጠፉም፤ የጃንጂራው ገዥ ሚስት ናዝሊ ቤገም በ1908 አውሮፓን ጎብኝታ ያየችውን በኡርዱ ቋንቋ አሳትማለች። ከ1922 ጀምሮም ሕፃኑ ገዥ እስኪያድግ ድረስ ግዛቱን በሞግዚትነት ያስተዳደረችው እናቱ ነበረች።

ሲዲዎች ዛሬም በጉጅራትና በካርናታካ ይኖራሉ፤ ብዙዎቹ ድሆች ናቸው። የካርናታካ ሲዲ ሴቶች ከአሮጌ ልብስ ቁርጥራጭ «ካዋንዲ» የሚባል ብርድ ልብስ በእጃቸው እየሰፉ ይሸጣሉ። በአራቱም ማዕዘን አበባ የሚሉትን ትንሽ እጥፍ ጨርቅ ይሰፉበታል፤ እሱ ከሌለ ብርድ ልብሱ ራቁቱን ነው ይላሉ።